የሚያጂማ ወደብ ገበያና የመቶ የን ግብር

ደንበኛው በመርከብ የሚመጣለት ነጋዴ ከሌላው ነጋዴ የተለየ ሒሳብ አለው። ገበያው የሚሞላው መርከቡ ሲደርስ ነው፤ የሚጎድለውም መርከቡ ሲነሣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ በሰዓት የተቈረጠ ስለ ሆነ ገዢው ብዙ ሊከራከር፥ ሻጩም ብዙ ሊያስረዳ አይችልም። ዕቃው ራሱ መናገር አለበት፤ ዋጋው ተጽፎ መታየት አለበት፤ መጠቅለያውም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቈየት አለበት።

በዚህ ዐይነት ገበያ ከታወቁት ስፍራዎች አንዷ በጃፓን አገር በሂሮሺማ የባሕር ሰላጤ ውስጥ የምትገኘው የኢትሱኩሺማ ደሴት ናት። ሕዝቡ ግን በዚህ ስም ከመጥራት ይልቅ «ሚያጂማ»፥ ማለት የመቅደስ ደሴት እያለ ይጠራታል። በደሴቲቱ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖረው ሰው 2 ሺሕ እንኳ አይሞላም፤ በዓመት ሊጎበኛት የሚመጣው እንግዳ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ ነው። ይህም በአማካይ ሲታሰብ በየቀኑ ከ10 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ከመርከብ ይወርዳል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ መንገዱን የሚጠርግ፥ ቈሻሻውን የሚያነሣ፥ የመጸዳጃ ቤቱን ውኃ የሚከፍል ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ሲያከራክር ቈይቶ፥ በ2023 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ከእያንዳንዱ ጎብኚ 100 የን እንዲከፈል ተደረገ። ግብሩ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እንግዳ በሚበዛበት ስፍራ ሱቅ የከፈተውን ነጋዴ ሁሉ ይመለከታል። ስለ ግብሩ ከመፍረድ በፊት ግን ገበያውን ከመርከቡ ጀምሮ ማየት ይሻላል።

ከሂሮሺማ ከተማ ግማሽ ሰዓት ያህል በባቡር ተጕዞ ሚያጂማጉቺ በተባለው ጣቢያ የወረደ መንገደኛ ጥቂት እንደ ተራመደ ከወደቡ ይደርሳል። ባሕሩን ለማቋረጥ ዐሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ሁለት ኩባንያዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንደኛው የባቡር ሐዲዱ ኩባንያ ወገን ሲሆን ሁለተኛው ማትሱዳይ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ነው። የባቡሩ ኩባንያ መርከቦች ከረፋድ ጀምሮ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ወደ ደሴቲቱ ሲሄዱ መንገዳቸውን ጥቂት ጠምዘዝ አድርገው በባሕሩ ውስጥ በቆመው በታላቁ ቀይ በር አጠገብ ያልፋሉ። ተሳፋሪው ሁሉ በመርከቡ ቀኝ በኩል ተሰብስቦ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ይታያል። ዋጋን ሳይቀንሱ ደንበኛን መሳብ ማለት እንዲህ ነው፤ ለመንገደኛው ከቲኬቱ ጋር ትርዒት ይመረቅለታል፤ ኩባንያው የሚያወጣው ግን ጥቂት ነዳጅ ነው። ዋጋ በማርከስ ብቻ የሚወዳደሩ ነጋዴዎች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነበር።

ከወደቡ የወጣውን እንግዳ በመጀመሪያ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን አጋዘን ነው። አጋዘኖቹ ሰውን ከመልመዳቸው የተነሣ በሱቆቹ መካከል እንደ ልባቸው ይዘዋወራሉ፤ ምግብ እንዳይሰጣቸውም ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ምግብ ካጡ ወረቀት ይበላሉ፤ ካርታም ቢሆን፥ ቲኬትም ቢሆን፥ ከእጅ ላይ ይነጥቃሉ። ለደረሰኝና ለመዝገብ ኀላፊ የሆነ ሠራተኛ የሚፈራው እንስሳ ነው።

የገበያው ዋና መንገድ ኦሞቴሳንዶ ይባላል። ከወደቡ ወደ መቅደሱ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚያልፍበት፥ ርዝመቱ 350 ሜትር ያህል የሆነ፥ በሁለቱም ወገን በሱቅ የተሞላ መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ ራሷ እንደ ቅዱስ አካል ትቈጠር ስለ ነበር መሬቷን ማረስ የተከለከለ ነበር፤ ልጅ መውለድና ሬሳ መቅበርም እንዲሁ አይፈቀድም ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ በደሴቲቱ ላይ መቃብር የለም። እህል የማይበቅልበትና ሸማ የማይሸመንበት አገር ለመንገደኛ ምን ሊሸጥ ይችላል? ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ መልሱን በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ያገኘዋል። እርሱም ሻሞጂ የተባለው የእንጨት ሩዝ ማውጫ ነው።

ታሪኩ እንደሚከተለው ይነገራል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሴይሺን የተባለ አንድ የቡድሃ መነኵሴ በደሴቲቱ ይኖር ነበር። የሕዝቡን ችግር አይቶ የውኃ ጕድጓድ እንዳስቈፈረ ይታወቃል። የሚሠራው ሥራ አጥቶ ለተቸገረው ሕዝብ ምን ይሻለዋል እያለ ሲያስብ፥ ቤንዛይተን የተባለችውን የዜማ አምላክ ቢዋ ከተባለው ባለ አውታር መሣሪያዋ ጋር በሕልሙ አየ ይባላል። የመሣሪያውን ቅርጽ ተከትሎ ሩዝ ማውጫ ከእንጨት መቅረጽን ለሕዝቡ አስተማረ። ሕልሙን የፈለገ ይመን፥ ያልፈለገ ይተው፤ የንግዱ አሳብ ግን የሚደነቅ ነው። ጥሬ ዕቃው ቀላል እንጨት ነው፤ መሣሪያው ቢላዋና መፋቂያ ነው፤ ዕቃው በጃፓን አገር በየቤቱ በየቀኑ የሚያስፈልግ ነው፤ ክብደቱ ትንሽ ስለ ሆነ መንገደኛው ከመታጠቂያው ሥር ሻጥ አድርጎ ሊሄድ ይችላል። ከዚህም በላይ ከቅዱስ ስፍራ የመጣ ስለ ሆነ በረከት አለበት። መብራትና ሞተር ባልነበረበት ዘመን አንድ ደሀ መንደር ከዚህ የተሻለ ሸቀጥ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ገበያውን አሰፋው። በ1894 ጃፓን ከቻይና ጋር በተዋጋች ጊዜ ወታደሩ ወደ መርከብ የሚገባው በሂሮሺማ በኩል ነበር። በጃፓንኛ «ሩዝ ማንሣት» እና «ጠላትን መማረክ» የሚሉት ቃላት በድምፅ አንድ ናቸው፤ በአማርኛ ሰምና ወርቅ እንደሚባለው ያለ ነው። ስለዚህ ወታደሮቹ በሻሞጂ ላይ ስማቸውንና ስእለታቸውን እየጻፉ በሚያጂማ አስቀመጡ፤ በሕይወት የተመለሱትም ለቤተ ሰዎቻቸው እየገዙ ወሰዱ። የደሴቲቱ ስም ከሩዝ ማውጫው ጋር በአገሩ ሁሉ የተዛመተው በዚህ ምክንያት ነው። አሁንም የሂሮሺማ ልጆች በቤዝቦል ጨዋታ ጊዜ ሻሞጂ ከሻሞጂ እያጋጩ ያጨበጭባሉ።

በማርች 2023 የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፉሚዮ ኪሺዳ፥ የምርጫ ወረዳቸው ሂሮሺማ ነውና፥ ወደ ኪየቭ በሄዱ ጊዜ ለዩክሬን ፕሬዚዳንት የድል ቃል የተጻፈበት የሚያጂማ ሻሞጂ ሰጡ። በአገራቸው ምክር ቤት ተቃዋሚዎች ጦርነት ምርጫ ወይም ጨዋታ አይደለም ብለው ነቀፏቸው። ነቀፋው ያለ ምክንያት አልነበረም። የወረዳን ዕቃ ለእንግዳ መስጠት የሚያስመሰግን ነው፤ ዳሩ ግን ለኳስ ጨዋታ ደጋፊ የሚሸጠው ዕቃ ቤቱ ለፈረሰበት ሕዝብ መሪ ሲሰጥ ትርጕሙ ይለወጣል። ሸቀጥን የሚያውቅ ነጋዴ ቢጠየቅ ኖሮ፥ ያው ሻሞጂ ጽሕፈት ሳይኖርበት ቢላክ ይሻላል ባለ ነበር።

በኦሞቴሳንዶ መካከል 7.7 ሜትር ርዝመትና 2.5 ቶን ክብደት ያለው ትልቅ ሻሞጂ ለማሳያ ተቀምጧል። ፎቶግራፍ የማያነሣው የለም። የሚያሳዝነው ግን ትልቁ እየተደነቀ ትንሹ በሥራ ላይ መዋሉ እየቀነሰ መሄዱ ነው። የፕላስቲክ ማውጫ ከሩዝ መቀቀያው ጋር በነጻ በሚሰጥበት ዘመን ብዙው ገዢ የእንጨቱን የሚገዛው በግድግዳ ላይ ለመስቀል ነው። ጥሩ ባለሱቅ ግን አሁንም የእንጨቱን ልስላሴ በጣት እያስነካ፥ ሩዝ እንደማይጣበቅበት እያስረዳ ይሸጣል፤ ትክክለኛውም አሻሻጥ ይህ ነው። ለጌጥ የተገዛ ዕቃ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ የሚሠራበት ዕቃ ግን ሲያልቅ ሌላ ያስገዛል።

ስለ ምግቡም ብዙ የሚባል አለ። በየመስኮቱ መኪናው ሲጋግረው የሚታየው ሞሚጂ ማንጁ የተባለው ትንሽ ኬክ ነው፤ በመጸው ወራት ቀይ በሚሆን የዛፍ ቅጠል አምሳል ተሠርቶ በውስጡ የጣፈጠ ቀይ አደንጓሬ ይደረግበታል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ አንድ ጣፋጭ ጋጋሪ ኢዋሶ ለተባለው የእንግዳ ማረፊያ ሠራው። ለብዙ ዘመን በአካባቢው ብቻ ታውቆ ቈይቶ፥ በ1980 ገደማ አንድ የሂሮሺማ ተወላጅ የሆነ ቀልደኛ በቴሌቪዥን ስሙን እየጮኸ ስለ ጠራው በአገሩ ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። ማስታወቂያ ሳይከፈልበት እንዲህ ያለ ዕድል ለነጋዴ አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል፤ ጋጋሪዎቹ የሚመሰገኑት ግን ዕድሉ በመጣ ጊዜ ዝግጁ ሆነው በመገኘታቸው ነው።

የአሻሻጡን ዘዴ ልብ ይሏል። ለሚሄደው መንገደኛ አንዱን ብቻ ትኩስ አድርገው፥ ወይም በእንጨት ሰክተው በዘይት ጠብሰው ይሸጡለታል፤ ቆሞ ይበላል። ጣዕሙን ካወቀ በኋላ ወደ ወደቡ ሲመለስ በሣጥን የታሸገውን ይገዛል። ጃፓናዊ ከጕዞ ሲመለስ ለሥራ ባልደረቦቹ የአገሩን ጣፋጭ ይዞ መምጣት ልማዱ ስለ ሆነ፥ በሣጥኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ለብቻው ተጠቅልሎ ቍጥሩ ታውቆ ይሸጣል። በቢሮው ስንት ሰው እንዳለ የሚያውቅ ገዢ የሚያስፈልገውን ሣጥን ለመምረጥ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም። መርከቡም አያመልጠውም።

ከዋናው መሬት በኩል በጣቢያው አጠገብ ደግሞ ዑኤኖ የተባለው ቤት ከ1901 ጀምሮ አናጎ የተባለውን እባብ መሰል የባሕር ዓሣ ጠብሶ በሩዝ ላይ ደርድሮ በእንጨት ሣጥን ይሸጣል። የቤቱ መሥራች ሩዝ ነጋዴ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ መንገደኛው ምሳ እንደሚፈልግ ተረዳ፤ በአቅራቢያው ባሕር የሚገኘውን ዓሣ ከራሱ ሸቀጥ ጋር አገናኘ፤ የዓሣውን አጥንት እንኳ ሳይጥል ቀቅሎ በመረቁ ሩዙን አበሰለበት። ሩዝን በከረጢት ከመሸጥና በሣጥን አብስሎ ከመሸጥ የትኛው እንደሚያተርፍ ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም።

በክረምት በየመንገዱ በከሰል ላይ ከነቅርፊቱ የሚጠበሰው ኦይስተር የተባለው የባሕር ፍጥረት ነው። በጃፓን ከሚረባው ኦይስተር ከግማሽ በላይ የሚገኘው ከሂሮሺማ ባሕር ነው። ይህም የራሱ አደጋ አለበት፤ በ2025 መጸው በዚያ ባሕር ብዙ ኦይስተር ሞቶ ስለ ተገኘ አርቢዎቹ ከባድ ጕዳት ደርሶባቸዋል። በአንድ ሸቀጥ ላይ ብቻ የቆመ ገበያ ሸቀጡ ሲታመም አብሮ ይታመማል። (ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ወደዚያ ቢሄድ ኦይስተሩንም አናጎውንም አልፎ ከኬኩ ዘንድ መድረሱ አይቀርም፤ ኬኩም እንቍላል ስላለበት ለጦም እንደማይሆን ይወቅ።)

መታየት የሚገባውን ሁሉ ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም። ስድስት መቶ ዓመት ከማለፉ በፊት፥ በ593 እንደ ተመሠረተ የሚነገረው መቅደስ በ12ኛው መቶ ዓመት ታይራ ኖ ኪዮሞሪ በተባለው ኀያል መስፍን ተስፋፍቶ ታነጸ፤ ባሕሩ ሲሞላ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከፊቱ የቆመው ቀይ በር በ1875 የተተከለ ሲሆን ከፍታው 16 ሜትር ይሆናል፤ በመሬት ውስጥ ሳይቀበር በራሱ ክብደት ብቻ ይቆማል። ባሕሩ ሲጎድል እስከ ሥሩ በእግር ይሄዱበታል። በ1996 መቅደሱ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ወደ ሚሴን ተራራ የሚወጣ ሰው 535 ሜትር በእግሩ መድከም ካልፈለገ ከ1959 ጀምሮ በገመድ የሚሄደው ሠረገላ አብዛኛውን መንገድ ያደርሰዋል። አስተዋይ ባለሱቅ ከመርከቡ ሰዓት ሌላ የባሕሩን ሙላትና ጕድለት ሰዓት ጽፎ በደጃፉ ይለጥፋል፤ እንግዳው ባሕሩ እስኪጎድል ድረስ የት እንደሚቈይ ይጠይቃልና።

ታላቁ በር ከ2019 እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ሲታደስ በጨርቅና በብረት ተሸፍኖ ነበር። እንጨት በባሕር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ቀለምም ይለቃል። ባለሱቁ የሚሸጠው ማንጁ ይሁን ሻሞጂ፥ ደንበኛውን ከሩቅ የጠራለት ያ በር ነው። በሩ ባይኖር መርከቡ ባዶውን ይመጣ ነበር። እንግዲህ ስለ ግብሩ መናገር የሚቻለው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሚያጂማ ከ2005 ጀምሮ የሐትሱካይቺ ከተማ ክፍል ናት። ከተማዪቱ ከኦክቶበር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የምትሰበስበው ግብር ለአንድ ጕብኝት 100 የን ነው፤ ደጋግሞ የሚመጣ ሰው በዓመት 500 የን በአንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ይችላል። ገንዘቡ ከመርከቡ ቲኬት ጋር ይከፈላል። የደሴቲቱ ነዋሪዎች፥ ለሥራና ለትምህርት የሚመላለሱ ሰዎች፥ ሕፃናትም አይከፍሉም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተጨማሪውን ወጪ ያመጣው ተጨማሪው ሰው ነው፤ ስለዚህ ወጪውን ያመጣ ይክፈል ተባለ።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ክርክር የማይናቅ ነው። እንግዳን በደጃፍ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው ይላሉ። ለመቅደሱም፥ ለገመዱ ሠረገላም፥ ለመርከቡም ለየብቻ የከፈለ ሰው አራተኛ ሲጠየቅ ኪሱን ያጠብቃል፤ የጎደለውም መቶ የን ከኬክ ሻጩ ገቢ ይጎድላል ይላሉ። ከዚህም በቀር መቅደሱን ሊሳለም የመጣ አማኝና ፎቶግራፍ ሊያነሣ የመጣ ጎብኚ እኩል መከፈላቸው ደስ የማያሰኛቸው አሉ።

ሆኖም ይህ ሁሉ ሲመዘን የግብሩ ሚዛን ይደፋል። ከ2 ሺሕ የማይሞላ ሕዝብ ከሚከፍለው ግብር 4 ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበትን መጸዳጃ ቤት አጽድቶ መያዝ አይቻልም። ሌላው መንገድ ሱቆቹን ይበልጥ ማስከፈል ነው፤ ያን ጊዜ ባለሱቁ በኬኩ ላይ ዋጋ ይጨምራል፤ ኬክ ያልገዛው እንግዳ ግን በነጻ ተጠቅሞ ይሄዳል። ሁሉን የሚያገኘው መርከቡ ብቻ ስለ ሆነ በመርከቡ ላይ መጠየቁ ልክ ነው። መቶ የንም ለአንዱ ሰው ከአንድ ኬክ ዋጋ ብዙ የማይርቅ ሲሆን፥ በሚሊዮን ሲባዛ 100 ሚሊዮን የን ይሆናል። ግብሩ ከተጀመረ ወዲህም የመርከቡ ተሳፋሪ አልቀነሰም፤ ደንበኛ ይሸሻል ተብሎ የተፈራው አልደረሰም። አማኙን ከጎብኚው ለይቶ ማስከፈል ደግሞ ቲኬት ቈራጩን የሰው ልብ መርማሪ ያደርገዋል፤ ይህም ከመቶ የን የከፋ ነገር ነው።

ግብሩ የሚከበረው ግን ሒሳቡ እስከ ታየ ድረስ ብቻ ነው። ቲኬቱን የገዛ ሰው የከፈለው ገንዘብ የትኛውን መንገድ እንዳደሰ፥ የትኛውን መጸዳጃ ቤት እንዳጸዳ በወደቡ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ቢያነብ አያጕረመርምም። የነጋዴዎቹም ድርሻ ይህን በየጊዜው መጠየቅ እንጂ ግብሩን መቃወም መሆን የለበትም፤ ንጹሕ መንገድ ለእነርሱ ሱቅ ደጃፍ ነውና።

ነጋዴዎቹን የሚያስወቅሰው ሌላ ጕዳይ ነው። በኦሞቴሳንዶ ብዙዎቹ ሱቆች የሚዘጉት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹ መርከቦች ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ይመላለሳሉ፤ በሩም በመብራት ደምቆ ያመሻል። ባለሱቆቹ ምክንያት አላቸው፤ ብዙ ሠራተኞቻቸው የሚኖሩት በማዶ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ዐሥር ሺሕ ሰው ያስተናገደ ሰውም ማረፍ ይገባዋል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ምሽት መክፈት የለባቸውም፤ በየምሽቱ አራት ወይም አምስት ሱቆች በተራ ቢያመሹ ለሠራተኛው ከባድ አይሆንም። ግብሩ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በጕብኝት ስለ ሆነ፥ በደሴቲቱ የሚያድረው እንግዳ የሚከፍለው ለሁለት ሰዓት መጥቶ ከሚመለሰው ጋር እኩል መቶ የን ነው። በቀን ግን ለአንድ ኬክና ለአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ጊዜ የነበረው ሰው በምሽት እራት ይበላል፥ ሻሞጂውን እያገላበጠ ይመርጣል፥ የእንጨቱን ዐይነትም ይጠይቃል። በዚያ ሰዓት ወደ መንገዱ ሲወጣ የሚያገኘው የተዘጉ መዝጊያዎችንና በሱቆቹ ደጃፍ የተኙትን አጋዘኖች ነው።